«ለምን?» ብሎ ያልጠየቀ ምርመራ





በየመሥሪያ ቤታችን አንድ ሠራተኛ ለሥልጠና ወደ ውጭ አገር ሲላክ የሚወራው ወሬ የታወቀ ነው። ሲሄድ «ታደለ!» ይባላል፤ ሲመለስ ደግሞ «ምን ይዘህ መጣህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ግን ስለ ሻንጣው እንጂ ስለ ዕውቀቱ አይደለም። እኔም የሒሳብ ምርመራ ሠራተኛ እንደ መሆኔ መጠን በ2008 ዓ.ም. ለአራት ወር ሥልጠና ወደ ዋሽንግተን ተልኬ በነበረ ጊዜ ይኸው ደርሶብኛል። ዛሬ ሳልጠየቅ የቀረሁትን ጥያቄ ራሴ ልመልስ ተነሥቻለሁ። ይኸውም ለመመካት አይደለም፤ ከመልሱ ውስጥ የራሴ ጥፋት ስላለበት ነው።

አስቀድሜ ስለ ጥፋቴ ልናገር። በ2004 ዓ.ም. ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ስንቆጥር፣ በካርዱ ላይ 38 የመኪና ጎማ ተመዝግቦ ሳለ በግምጃ ቤቱ የተገኘው 24 ብቻ ነበር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ከመሳቢያቸው ውስጥ በክር የታሰሩ ቁራጭ ወረቀቶች አውጥተው አሳዩኝ። አለቆቻቸው በቅዳሜና በእሑድ፣ መኪና ለመስክ ሲቸኩል «ለጊዜው ይሰጥ፣ ሰነዱ ሰኞ ይሠራል» እያሉ የጻፏቸው ነበሩ። ሰኞ መጣ፣ ሰኞ ሄደ፤ ሞዴል 22 ግን አልተሠራም። ወረቀቶቹ 12 ጎማዎችን ያስረዳሉ፤ የቀሩት 2 ጎማዎች ማስረጃ አልነበራቸውም። እኔም «ሕጋዊ የወጪ ሰነድ አይደለም» ብዬ ወረቀቶቹን መለስሁላቸውና በሪፖርቴ ላይ «14 ጎማ ጎድሏል» ብዬ ጻፍሁ። ሽማግሌውም፣ «ልጄ፣ ወረቀቱን ብቻ አትይ፣ ወረቀቱን የጻፈውንም እይ» አሉኝ። እኔ ግን አላየሁም። መሥሪያ ቤቱ በሪፖርቴ መሠረት የ14ቱን ጎማ ዋጋ በየወሩ ከደመወዛቸው ቆረጠ። በዚያን ጊዜ ሥራዬን በሚገባ የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር።

ወደ ዋሽንግተን ስሄድ ከእኛ ይልቅ ሰነድ አጥብቀው የሚያገላብጡ፣ ከእያንዳንዱ ደረሰኝ ጋር የሚታገሉ መርማሪዎች አገኛለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። የሠለጠንሁበት መሥሪያ ቤት ጂ.ኤ.ኦ. ተብሎ የሚጠራው፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የመንግሥትን ገንዘብ የሚያስመረምርበት መሥሪያ ቤት ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1921 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ የልዩ ልዩ አገሮችን ኦዲተሮች ተቀብሎ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ኃላፊው የሚሾመው ለ15 ዓመት ነው፤ የሥራ ዘመኑም አይታደስለትም። ይህም የሆነበት ምክንያት፣ ለሹመቱ ሲል የማንንም ፊት እንዳያይ ነው።

ታሪካቸውን ሲያስረዱን ግን የጠበቅሁትን ሳይሆን ያልጠበቅሁትን ሰማሁ። እነርሱም በአንድ ወቅት እንደ እኛው ደረሰኝ ቆጣሪዎች ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠራተኞቻቸው ከ14,000 በላይ ደርሰው፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጣውን የክፍያ ሰነድ አንድ ባንድ ይመረምሩ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ይህ አሠራር እንደማያዋጣ ተገነዘቡ። ስለዚህ ሰነዱን መመርመርን ቀስ በቀስ ለየመሥሪያ ቤቱ ትተው፣ እነርሱ «የቁጥጥሩ ዘዴ ራሱ ይሠራልን? ሕዝቡ በከፈለው ገንዘብ ልክ አገልግሎት አግኝቷልን?» ወደሚለው ጥያቄ ተሻገሩ። እኛ ዛሬ የክዋኔ ኦዲት የምንለው ይህንኑ ነው። የሠራተኞቻቸው ቁጥር ወደ 3,000 ገደማ ዝቅ ሲል የሥራቸው ፍሬ ግን ከፍ አለ እንጂ አላነሰም።

እ.ኤ.አ. በ1972 መጀመሪያ ያወጡት፣ በሽፋኑ ቀለም «ቢጫው መጽሐፍ» እየተባለ የሚጠራ የኦዲት ደረጃ መጽሐፍ አላቸው። በዚያ መሠረት አንድ ግኝት በሚገባ ሲብራራ አራት ነገሮች ይታዩበታል። አንደኛው መመዘኛው፣ ማለት ሕጉ ወይም ደንቡ ምን ይላል? ሁለተኛው ሁኔታው፣ ማለት በተግባር የተገኘው ምንድን ነው? ሦስተኛው መንስኤው፣ ማለት ይህ ለምን ሆነ? አራተኛው ውጤቱ፣ ማለት ከዚህ የተነሣ ምን ጉዳት ደረሰ? እኛ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጋር ዕድሜ ልካችንን ተዋውቀናል። «ደንቡ እንዲህ ይላል፤ የተገኘው ግን እንዲህ ነው» ብለን ነጥብ እናስቀምጣለን። ሦስተኛውን ግን በአንድ ቃል፣ «በቸልተኝነት» ብለን እናልፈዋለን። ቸልተኝነት የተባለው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከሁሉ በታች የሚገኘው ሰው ነው።

በሥልጠናው መካከል ከአገራችን ልምድ አንድ ግኝት ለመለማመጃ እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔም ያንኑ የጎማ ጉዳይ፣ እንደ ጥሩ ሥራዬ ቆጥሬ ጻፍሁት። አስተማሪዬ ወረቀቱን ሲመልስልኝ በኅዳጉ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ጽፎበት ነበር፤ «ለምን?» የምትል። «ሰነዱ ስላልተሠራ ነው» አልሁት። «ሰነዱ ለምን አልተሠራም?» አለኝ። «አለቆቹ በቁራጭ ወረቀት ስላዘዙ» አልሁት። «ለምን በቁራጭ ወረቀት ያዝዛሉ?» «በዕረፍት ቀን ሰነድ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ስለሌለ።» «እንግዲያውስ የጎደለው ምንድን ነው?» አለኝ። በዚያን ሰዓት የጎደለው ጎማ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። የጎደለው የዕረፍት ቀን ተረኛ ነበር፤ አለቃው ቢያዝም «ያለ ሞዴል 22 አልሰጥም» ለማለት የሚያስችል መመሪያም ነበር። ከሁሉ ይልቅ የጎደለው ግን የእኔ ጥያቄ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌላም የተማርሁት አለ። በዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት በሥራው ያልተካፈለ ሌላ ኦዲተር ይቀመጥና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገርና እያንዳንዱን ቁጥር ከማስረጃው ጋር ያመሳክራል። ማስረጃ የሌለው ቃል ይሠረዛል። ከዚያም ረቂቁ ለተመረመረው መሥሪያ ቤት ተልኮ፣ እስከ 30 ቀን በሚደርስ ጊዜ ውስጥ አስተያየቱን እንዲሰጥ ይጠየቃል። በጽሑፍ የሰጠውም መልስ፣ ኦዲተሩን የሚቃወም ቢሆን እንኳ፣ ከሪፖርቱ ጋር ታትሞ ይወጣል። እኔ የእኚያን ሽማግሌ ቁራጭ ወረቀቶች ከሪፖርቴ ጋር አያይዤ ቢሆን ኖሮ፣ ፍርዱን የሚሰጠው ክፍል ሁለቱንም ወገን አይቶ በፈረደ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ያገራቸውን አድንቆ ያገሩን ሊያጣጥል ነው» እንዳይለኝ እፈራለሁ። እንደዚያ አይደለም። እነርሱም ቢሆኑ ከሚያቀርቡት የማሻሻያ ሐሳብ አራት ዓመት ቆይተው ሲያዩት፣ ከአራት እጅ አንዱ እጅ የሚሆነው ሳይፈጸም ይገኛል። ለአገራችንም ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ስለ ዋና ኦዲተር ደንግጎ ነበር፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 101 ይህንኑ ኃላፊነት ደንግጓል። ሕግ አላጣንም። ያጣነው በሕጉና በሥራው መካከል የምትቆመውን ያችን «ለምን?» ነው። የዓለም የኦዲት መሥሪያ ቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 በሊማ ከተማ ባወጣው መግለጫም ኦዲት ለራሱ ሲባል የሚሠራ ነገር እንዳልሆነ፣ ስሕተት በጊዜው ታውቆ እንዲታረምና እንዳይደገም ለማድረግ እንደሆነ ተመልክቷል። ስሕተቱ ሳይታረም ሰው ብቻ ከተቀጣ፣ በሚመጣው ዓመት ያው ጉድለት በሌላ ሰው ስም ይመለሳል።

ከሥልጠናው ስንመለስ እያንዳንዳችን ያገኘነውን ዕውቀት በየአገራችን እንዴት በሥራ ላይ እንደምናውል የሚያሳይ ጽሑፍ አዘጋጅተን ነበር። የእኔም ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በመሳቢያዬ ውስጥ ተኛ። «አምጣና እንየው» ያለኝ አልነበረም። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ላይ አልጥልም፤ እኔም «እንኩ እዩልኝ» ብዬ ለመቅረብ አፈርሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዳልባል ፈራሁ። ለካስ ዕፍረቴ ከአለቆቼ ዝምታ የማይለይ ጥፋት ኖሯል።

በመጨረሻ ግን አንድ ነገር አደረግሁ። የጎማውን ጉዳይ ፋይል አስወጥቼ፣ የ12ቱ ጎማ ማዘዣ በወቅቱ ቀርቦልኝ እንደነበረና እኔ ሳላያይዘው እንደቀረሁ ገልጬ ማስታወሻ ጻፍሁ። የ2ቱን ጎማ ጉዳይ ግን እንዳለ ተውሁት፤ እውነቱ ያ ነውና። እኚያን ሰው ፍለጋ ብሄድ በጡረታ ወጥተው በቤታቸው አገኘኋቸው። ማስታወሻውን አነበብሁላቸው። ዝም ብለው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ገንዘቡስ ይሁን፤ ልጆቼ ፊት ሌባ መባሌ ነበር የከበደኝ» አሉኝ። የተቆረጠባቸው ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰላቸውም። የማስታወሻዬ ግልባጭ ግን በእጃቸው ነው፤ ልጆቻቸውም አንብበውታል።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ለኦዲተሮች፤ «በቸልተኝነት» የምትለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት «ለምን?» ብለን ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንጠይቅ። የተመርማሪውንም መልስ ከሪፖርታችን ጋር እናያይዝ። ሁለተኛ፣ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፤ በቁራጭ ወረቀት የምታዝዙት ትእዛዝ ለእናንተ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለበታቻችሁ ሠራተኛ ግን የዓመታት ዕዳ ሊሆንበት ይችላል። የኦዲት ረቂቅ ሲላክላችሁም በወቅቱ መልስ ስጡ፤ ዝምታ እንደ ማመን ይቆጠራልና። ሦስተኛ፣ ከውጭ አገር ሥልጠና የተመለሰ ማንኛውም ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት የተማረውን ለባልደረቦቹ በአንድ ቀን ጉባኤ እንዲያስረዳ፣ ከስድስት ወር በኋላም ምን እንደሠራበት እንዲጠየቅ ይደረግ። ይህ ከአንድ አዳራሽና ከአንድ ሰሌዳ በቀር ወጪ አይጠይቅም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እስኪነጋ ድረስ በጨለማ የሚቀመጠው ሰው እንዳለ አንርሳ። ኦዲተር የተቀጠረው ንጋቱን እንዲያፋጥን ነው።

አክባሪዎ
አንድ የሒሳብ ምርመራ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ