በረሮ የተባለው ማን ነበር?

ወደ ጦር ሜዳ የሚዘምት ወጣት ጠላቱን እንደ ራሱ ሰው አድርጎ ካየው እጁ ይያዛልና፣ ባላጋራን በአውሬና በተባይ ስም መጥራት የጦርነት ግዴታ ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ያላሰቡት ነገር ቢኖር ስሙ በወታደሩ ላይ ብቻ የማይቀር መሆኑን ነው።

ለዚህ የሩዋንዳን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ከጎረቤት አገሮች እየተነሡ ወሰን ጥሰው የሚዋጉ የቱትሲ ስደተኞች ነበሩ። እነዚህ ሽምቅ ተዋጊዎች «ኢኜንዚ» ይባሉ ነበር፤ በረሮ ማለት ነው። በረሮ ሲጨልም ይወጣልና ስሙ ለሌሊት አደጋ ጣይ እንደ ስድብ ያገለግል ነበረ፤ መቼም በጦርነት ስድብ አይጠፋም።

በመስከረም 1983 ዓ.ም. የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ከኡጋንዳ ተነሥቶ ጦርነት ሲከፍት ይኸው ስም እንደገና ተነሣ። አሁን ግን «ካንጉራ» የተባለው ጋዜጣና በ1985 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው አር ቲ ኤል ኤም ራዲዮ ተዋጊውንና በቤቱ የተቀመጠውን ቱትሲ ለይተው መጥራትን ተዉ፤ ገበሬውም፣ አስተማሪዋም፣ የታቀፈውም ሕፃን በረሮ ሆኑ። ለመለየት ለፈለገ ሰው እኮ ነገሩ አያስቸግርም ነበር፤ ተዋጊው ጠመንጃ አለው፣ ሕፃኑ የለውም። መንገድ ዘግተው የቆሙት ገዳዮች የጠየቁት ግን ጠመንጃ ሳይሆን፣ ቤልጅግ አገሩን ስታስተዳድር ጎሣ እንዲጻፍበት ያደረገችውን የመታወቂያ ወረቀት ነው። ከመጋቢት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. ወዲህ በ100 ቀን ያህል ውስጥ፣ የተባበሩት መንግሥታት በአንድ ወቅት እንደገመተው፣ 800,000 ያህል ሰው አለቀ። ግድያውን የተቃወሙ ሁቱዎችም አብረው ሞቱ።

አሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በኅዳር 1996 ዓ.ም. የራዲዮውን ሁለት መሥራቾችና የጋዜጣውን አዘጋጅ ጥፋተኞች ናችሁ ብሎ ፈረደባቸው። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ግን በኅዳር 2000 ዓ.ም. ከጥፋቶቹ አንዳንዱን ሰርዞ ቅጣቱን ቀነሰ፤ ራዲዮው ከመጋቢት 28 በፊት ያሠራጨው ጥላቻን የሚያነሣሣ ቢሆንም በቀጥታ ዘር አጥፉ ለማለቱ ማስረጃው አልበቃም አለ። ዳኞች እንዲህ መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው፤ ወንጀልን ከክፉ ንግግር መለየት ሥራቸው ነውና። የሆነ ሆኖ ገዳዮቹ ያን ዕለት ስሙን እንደ አዲስ መማር አላስፈለጋቸውም፤ ለዓመታት ሲሰሙት ኖረዋል።

በሀገራችንም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ባላጋራን በአውሬና በበሽታ ስም መጥራት በአደባባይ ተሰምቷል። ስሙ ለታጣቂው ብቻ ይሁን ወይስ ቋንቋውን ለሚናገር ሁሉ፣ ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ለይቶ አልነገረንም፤ ከአድማጩም የጠየቀው ጥቂት ነው።