ማሳሰቢያ፦ በልጆች ጨዋታ በኩል ስለሚገባ ጥናት

በአታትና በአካባቢዋ ያላችሁ ወላጆች፣ መምህራንና ኃላፊዎች፣ ይህን ልብ በሉ። እያጫወቱ የሚያስተምሩ፣ የተማሪውንም መልስ፣ ፎቶና ድምፅ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሚያደርሱ አፕሊኬሽኖች አሉ። ጥቅማቸውን አንክድም። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ፎልዲት የተባለ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንቲስቶች ለዓመታት ያልደረሱበትን የአንድ ቫይረስ ፕሮቲን ቅርጽ በሦስት ሳምንት ውስጥ አግኝተዋል። ስጋታችን ሌላ ነው። ልጁ እየተማረ ሳለ የሚጠናውም እሱ ነው፤ ቤቱ፣ ጓሮውና የእናቱ ስልክም አብረው ይገባሉ።

ሩቅ ሳንሄድ ወንጪን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ማንበብ ለማይችሉ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች ታብሌት አደለ። አስተማሪ አልነበረም። በየሳምንቱ ሚሞሪ ካርዱ እየተቀየረ ልጆቹ የነኩት ሁሉ አሜሪካ ላሉ ተመራማሪዎች ይደርስ ነበር። ካሜራው ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ በአምስት ወር ገደማ ከፈቱት። ብዙዎች በብልህነታቸው ተደነቁ፤ ያስደንቃልም። ግን አዋቂ የዘጋውን ልጅ እንደሚከፍተው ያን ጊዜ ታይቷል። ዛሬ ደግሞ ካርድ የሚቀይር ሰው አያስፈልግም፤ ዳታ ከተከፈተ ሁሉም በቅጽበት ይሄዳል።

አብዛኛው ልጅ የሚጫወተው በወላጁ ስልክ ነው። በዚያው ስልክ ቴሌብር አለ። ጨዋታው ማን እንደሠራው ሳይታወቅ በቴሌግራም ከተላከ ፋይል ተጭኖ፣ ልጁም የተጠየቀውን ሁሉ ከፈቀደ፣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣበትን አጭር መልእክት ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል። ብሩ ከሄደ በኋላ የሚከሰስ ማግኘት ከባድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን እንሰት ነው። ጨዋታው የታመመ ተክል ፎቶ እንዲላክ ሊጠይቅ ይችላል። ፎቶ አንስቶ መላክ ለተመራማሪ ይጠቅማል፤ ለተማሪም ጥሩ ትምህርት ነው። ነገር ግን የእንሰት አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በቢላዋና በሌላ መሣሪያ ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፍ፣ ፈውስ ያልተገኘለት በሽታ ነው። ነጥብ ለመሰብሰብ የሚጣደፍ ልጅ የታመመውን ቆርጦ በዚያው ቢላዋ ወደ ጎረቤት ጓሮ ቢሻገር፣ ለዓመታት የተለፋበት እንሰት በአንድ ከሰዓት ለበሽታ ይጋለጣል። ስለዚህ መቁረጥን የሚያዝ ጨዋታ አይፈቀድ። እናቶችና አያቶች ስለ እንሰት ዝርያዎች የሚያውቁትም ያለ ስምምነት አይላክ። እንዲህ ያለው ሀብት ሌላ ሰው እጅ ከገባ ማስመለሱ ጊዜ ይወስዳል፦ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ይዞት የነበረውን የፈጠራ መብት የሔግ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ዓመት አልፏል።

ጉብሬ ለሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዞኑና ለወረዳው ትምህርት ኃላፊዎች፦ በጎ ሐሳባችሁን አንጠራጠርም። ሆኖም ወላጅ አንብቦ የሚፈርመው የስምምነት ቅጽ፣ ልጅ ሳያነብ በሚነካው «ፍቀድ» በሚል ቁልፍ አይተካ። ምን እንደሚሰበሰብ፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚሰረዝ በጉራግኛም በአማርኛም ይነገር። የሚጠየቀው ሰው ስምና ስልክ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጅ መውጣቱ ብቻውን ግን ልጅ አይጠብቅም፤ የሚያስፈጽመው በየትምህርት ቤቱ ያለው ኃላፊ ነው።

ወላጆች፣ ስልካችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አፕሊኬሽኑ የማን እንደሆነ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ልጅ አይወቅ። መልስ ካላገኛችሁ አትጫኑ።