አተላም ባለቤት አለው

መንዝ ውስጥ የሚጣል ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የገብሱ ገለባ የበግና የከብት ቀለብ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ግድግዳ ይመረግበታል። እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፤ ዛፍ በሳሳበት ደጋ ምጣዱ የሚሰማው በእሱ ነው። የጠላና የአረቄ አተላ ለከብት ይቀርባል። ወደ መርሐቤቴ ቆላ ሲወረድ ደግሞ የማሽላው አገዳ መኖም፣ ማገዶም፣ አጥርም ነው። በዓለም ላይ ብዙ ተስፋ የተጣለበት አዲስ የነዳጅ ምንጭ፣ ማለትም ዘይት የሚያከማች እርሾ፣ «ከእርሻ ተረፈ ምርት ነዳጅ» በሚል መፈክር ወደ እኛ ሲመጣ፣ ከቴክኒኩ በፊት መጠየቅ ያለበት «የተረፈው ለማን ነው?» የሚለው ነው።

ሳይንሱስ እውነት ነው። እርሾ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጠላችንን የሚያፈላው እሱ ነው። ነገር ግን አንዳንድ የእርሾ ዝርያዎች በስኳር ተከበው ሳለ ናይትሮጅን ሲያጥራቸው መራባታቸውን ገተው፣ የቀረውን ስኳር በሕዋሳቸው ውስጥ በዘይት ጠብታ መልክ ያስቀምጡታል። የመንዝ በግ በደህናው ወቅት ላቱን እንደሚያደልበው ያለ ነው። ከደረቅ ክብደታቸው ከ20 በመቶ በላይ ዘይት የያዙት «ዘይት አከማች» ይባላሉ፤ 60 በመቶና ከዚያም በላይ የሚደርሱ አሉ። ዘይታቸው ከዕፅዋት ዘይት ጋር ስለሚቀራረብ ባዮዲዝል፣ ሳሙናና ሌሎች ኬሚካሎች ይወጡታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ አፈር፣ ከቅጠል፣ ከአበባና ከፍሬ፣ ከወተት ተዋጽኦና ከባህላዊ ዘይት መጭመቂያ ቤቶች ዝቃጭ 200 ናሙናዎችን ሰብስቦ፣ ከተገኙት 340 የእርሾ ዘሮች 18ቱን ዘይት አከማች ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ለይቷል። ዘሩ ከደጃችን አለ ማለት ነው።

የሚያስቸግረው ሒሳቡ ነው። ከ1 ኪሎ ስኳር በንድፈ ሐሳብ እንኳ የሚገኘው ዘይት ከ330 ግራም ብዙም አያልፍም፤ በተግባር 200 ግራም ከተገኘ ጥሩ ነው። የ1 ኩንታል ገለባ ግማሹ ወደ ስኳር ተለወጠ ብንል እንኳ ትርፉ 10 ኪሎ ያህል ዘይት ነው። ይህን ዘይት በመኪና ሞተር ለማቃጠል ብሎ ከበጉ አፍ ገለባ መንጠቅ ኪሳራ ነው።

ይህን መንገድ ከዚህ በፊት አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የባዮፊውል ስትራቴጂ ለነዳጅ ዘይት የሚሆኑት ጃትሮፋና ጉሎ ምግብ በማይበቅልበት መሬት ይለማሉ የሚል ተስፋ ነበረው። ነገር ግን በወረቀት ላይ ጠፍ የሚመስል መሬት በሥፍራው ግጦሽ፣ ማገዶና መተላለፊያ ነው። የመንዝ ጓሳ ምስክር ነው፤ ለሩቅ ሰው ባዶ ሜዳ ይመስላል፤ ሆኖም ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ማኅበረሰቡ በራሱ ሕግ እየከለለ፣ ለክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር በተራ ሲያጭድበት የኖረ ነው። «ተረፈ ምርት» የሚለው ቃልም እንደ «ጠፍ መሬት» ባለቤትን የሚሸፍን ቃል እንዳይሆን እፈራለሁ።

«ነዳጇን በሙሉ ከውጭ የምትገዛ አገር ይህን ያህል ትመርጣለች ወይ?» የሚል ይኖራል። የውጭ ምንዛሪው ጭንቀት እውነት ነው፤ ግን አንዱ ኪሎ 5 ኪሎ ስኳር የበላ ዘይት እንደ ነዳጅ ሲሸጥ ወጪውን አይመልስም፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በበኩሉ ዘረመሉ ከተለወጠ ያሮዊያ ሊፖሊቲካ ከተባለ እርሾ ለገበያ ያወጣው ነዳጅ አልነበረም፤ በዓሣ ዘይት የሚታወቀው ኦሜጋ 3 ነው። «ገበሬው ገለባውን በጥሩ ዋጋ ይሽጥ፤ ገበያ ይፍረድ» የሚልም አይጠፋም። መሸጥ መብቱ ነው። ሆኖም መንዝ በልግን ተስፋ የሚያደርግ አገር ነው፤ በልጉ በቀረ ዓመት ከብቱን የሚያሻግረው የተከመረው ገለባ ነው። ገለባ ሲወደድ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው በግ ኖሮት ማሳ የሌለው ሰው ነው።

ስለዚህ እርሾውን የምንመግበው በአንድ ግቢ የተከማቸ፣ ባለቤቱ ራሱ ማስወገድ የቸገረውን ነገር ቢሆን ይሻላል። ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኤታኖል አውጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የተጀመረው ጥሬ ዕቃው እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ስለነበረ ነው፤ ከሺህ ጎጆ አልተለቀመም። በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ወንዝ የሚበክለው ጣፋጭ ፍሳሽና የቢራ ፋብሪካዎች እጣቢ ለሙከራ የተሻሉ ናቸው። ፍሳሹ ቀጭን ስለሆነ ማወፈሩ ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚችለውም እንደ ኦሜጋ 3 ያለ ውድ ቅባት እንጂ ነዳጅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የለዩዋቸውን እርሾዎች በዚህ ፍሳሽ ይፈትኗቸው። የመንዙ አተላ ግን ላሟ ትጠጣው።