ሞተር ገዝቶ መፍቻ መንፈግ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ምሳሌ አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ራስ ጥምጥም ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሌላ ጥምጥም ልጠቀምበት እወዳለሁ፤ ይኸውም በብስክሌት ሞተር ውስጥ በብረት ላይ ስለሚጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ነው።

በተራ ብስክሌት ላይ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ገጥሞ መንዳት በዚህ ዘመን በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል። ብስክሌት ለተማሪውም ለሠራተኛውም እንደ እግር በሆነባት በከተማችን በባሕር ዳርም ይህን የሚመኝ ወጣት ጥቂት አይደለም። በትምህርት ቤታችን ግቢ ስለዚህ ሞተር ወሬ ሲነሣ የምሰማው ጥያቄ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ «ምን ያህል ይፈጥናል?» ሁለተኛው «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ነው። «ስንት ዓመት ያገለግላል? ሲበላሽስ ማን ያበጀዋል?» ብሎ የሚጠይቅ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በእኔ አሳብ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነው።

ነገሩ የጨዋታ እንዳይመስል ጥቂት ላስታውስ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከለከለ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ ግድብ ተመረቀ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መጓጓዣ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚችል ቤተ ሰብ ስንት ነው? ለብዙው ሰው የሚደርሰው ነገር ቢኖር በአሮጌ ብስክሌቱ ላይ የሚገጥመው ሞተር ነው። ይህንንም የሚገዛው ዕቁብ ጥሎ፣ ከዕለት ወጪው ቆጥቦ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው የገዛው ሞተር በሁለተኛው ክረምት ቢቆምበት የጠፋው ጌጥ አይደለም፤ የልጆቹ ጉርስ ነው።

ጥበቡ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በኋላ ጎማው መካከል ሞተር ላለበት ብስክሌት የፈጠራ መብት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር። የዚያ ዘመን ሞተር ኤሌክትሪክ የሚደርሰው በሚፋተግ ብሩሽ ስለ ነበረ ብሩሹ እየተበላ ያልቃል። ዛሬ ለብስክሌት የሚገጠሙት ሞተሮች ግን አብዛኞቹ ብሩሽ የላቸውም። ስለዚህ ሞተሩ በራሱ በቀላሉ የሚያረጅ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚያረጀው በአያያዝ ጉድለት ነው፤ የክርክሬም መሠረት ይህ ነው።

ለብስክሌት የሚገጠሙት ሞተሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ጥርስ የሌለው የጎማ ሞተር ነው። የመዳቡ ጥምጥም በዘንጉ ላይ ታስሮ ይቆማል፤ ማግኔት የተለጠፈበት የውጭ ቅርፊት ከጎማው ጋር ይዞራል። በውስጡ የሚፋተግ ነገር ቢኖር ኩሽኔታዎቹ ብቻ ናቸውና ከሁሉ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው። ነገር ግን ክብደት አለው፤ በዳገትም ላይ ቀስ ብሎ ሲጎተት ይግላል። ሁለተኛው ጥርስ ያለው የጎማ ሞተር ነው። ይህ በውስጡ በፍጥነት ይሽከረከርና ፍጥነቱን በትንንሽ ጥርሶች ቀንሶ ጉልበት ያደርገዋል። ከመጀመሪያው ይቀላል፤ ዳገትም ይወጣል። ጥርሶቹ ግን ብዙውን ጊዜ ከናይሎን የተሠሩ ስለ ሆኑ ከጊዜ በኋላ ያልቃሉ። ሦስተኛው በፔዳሉ መካከል የሚገጠመው ነው። ኃይሉን በካቴናው በኩል ስለሚያስተላልፍ የብስክሌቱን ማርሽ እየለወጠ ለዳገት ከሁሉ ይበልጣል፤ በአጸፋው ካቴናውንና ጥርሳማ ክቦቹን ቶሎ ይበላል።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ሜዳ ለሆነችው ለባሕር ዳር የመጀመሪያው ይበቃል። እንጦጦን ለሚወጣ የአዲስ አበባ ሰው ግን ሦስተኛው ይስማማዋል። ሆኖም ከሦስቱም በላይ የምመርጠው ተፈትቶ የሚጠገነውንና የሚያልቀው ዕቃ ለብቻው የሚገኝለትን ነው። ጥርሱ ለብቻው የማይሸጥለት ፈጣን ሞተር ከመግዛት፣ ጥርሱ በኪስ ተይዞ የሚቀመጥለትን ዝግተኛ ሞተር መግዛት ይሻላል።

ሞተርን ከዕድሜው በፊት ከሚገድሉት ጠላቶች ሦስቱን ልጥቀስ። አንደኛው ሙቀት ነው። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን በፊዚክስ ትምህርታችን አይተናል። በዳገት ላይ እግሩን አሳርፎ ሸክሙን ሁሉ በሞተሩ ላይ የሚጥል ሰው ይህን ትምህርት የዘነጋ ነው። ሙቀቱ የጥምጥሙን ልባስ ያቃጥላል፤ የናይሎኑን ጥርስ ያለሰልሳል። ተራው ዐይነት የኒዮዲሚየም ማግኔትም ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ኃይሉን ማጣት ይጀምራል፤ ያጣውም ኃይል ሲበርድ ሁሉ አይመለስለትም። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በዳገት ላይ በፔዳል ማገዝ፣ ሞተሩም እጅ የማያስነካ ሲሆን ቆሞ ማሳረፍ ነው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የጎማ ሞተር ሽቦዎች የሚገቡት በዘንጉ ቀዳዳ በኩል ነው። ሽቦው ከላይ ቀጥ ብሎ ወደ ቀዳዳው ከወረደ የክረምት ዝናብ እርሱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ኩሽኔታውን ያዝጋል፤ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ይበላል። ሽቦው ግን ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ እንደ ገና ወደ ላይ እንዲመለስ ተደርጎ ቢታሰር፣ ውሃው ከታች ተንጠባጥቦ ይቀራል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ማሰሪያና የአምስት ደቂቃ ጊዜ ብቻ ነው። ብስክሌቱንም በግፊት ውሃ ማጠብ አይገባም፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ላልቶ የተተወ ዳዶ ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር ዘንጉ ደግሞ በተቃራኒው ሊዞር ይታገላል። ዳዶው ከላላ ዘንጉ ከማረፊያው ወጥቶ ይሽከረከራል፤ ሽቦዎቹንም ጠምዝዞ ይበጥሳል። ሞተሩ በፊት ጎማ ላይ ከሆነማ ጎማው በሩጫ ላይ ሊወልቅ ይችላል፤ ይህ ሞተርን ብቻ ሳይሆን ሰውንም የሚገድል ነው። ስለዚህ ዘንጉን ከብስክሌቱ አካል ጋር አጥብቆ የሚይዝ የብረት ክንድ ማስገጠም፣ ዳዶውንም ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ፣ ከዚያም በየወሩ በመፍቻ መፈተሽ የማይታለፍ ግዴታ ነው።

ስለ ሞተሩ ይህን ካልሁ ስለ ባትሪው ዝም ማለት አልችልም፤ ምክንያቱም ከዕቃው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ውዱ እርሱ ነው፤ ቀድሞም የሚያረጀው እርሱ ነው። ባለ 36 ቮልት የሊቲየም ባትሪ በተርታ የተያያዙ 10 ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ጠቅላላው 42 ቮልት ይሆናል። ባትሪው ሞልቶ በፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ባይነዳም ያረጃል፤ ባዶውን ለወራት ቢተውም ይሞታል። ለረጅም ጊዜ የማንነዳ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ በቀዝቃዛ ስፍራ ማስቀመጥ ይገባል። ለሌላ ባትሪ በተሠራ ቻርጀር መሙላት፣ ወይም ሰው በተኛበት ቤት በመውጫው በር አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ መተው ግን ከኪሳራም የሚያልፍ አደጋ አለው፤ የሊቲየም ባትሪ እሳት አንድ ጊዜ ከተነሣ ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ ሲቀር የሚያመጣውን ጉዳት በሰፈራችን አይቻለሁ። በጥርስ የለሹ የጎማ ሞተር ለየሱቁ ዳቦ የሚያመላልስ አንድ ጎልማሳ ነበረ። አንድ ቀን ብስክሌቱ በመንገድ ላይ ቆመ፤ ጎማውም በእጅ ሲዞር እየተንገራገጨ እምቢ አለው። ያሳየው ሰው «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ፈረደ፤ ሞተሩም ለቆራሌ ተሸጠ። ቆይቼ ጋሼን ስጠይቃቸው፣ ሽቦዎቹ ከመቆጣጠሪያው ሣጥን ሲነቀሉ ጎማው እንደ ልቡ ይዞር እንደ ነበረ ነገሩኝ። አዋቂ ቢኖር ይህ አንድ ምልክት ብቻ ፍርዱን በለወጠው ነበር። ሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች ተነቅለው፣ እርስ በርሳቸውም ሳይነካኩ ጎማው ቀለል ብሎ ከዞረ፣ ጥፋቱ ያለው በመቆጣጠሪያው እንጂ በሞተሩ ጥምጥም አይደለም። እንዲሁ እየተወራጨ የሚነሣ ሞተርም ብዙ ጊዜ ጉድለቱ የማግኔቱን አቀማመጥ ከሚጠቁሙት ሦስት ትንንሽ መሣሪያዎች በአንዱ፣ ወይም ወደ እነርሱ በሚሄድ ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። የፈረደውን ሰው አልወቅሰውም፤ ማንም አላስተማረውምና። ጋሼ ግን ዛሬ ዳቦውን የሚያመላልሱት በእግራቸው ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ዘይት ስለማይለወጥለት ጥገና አይፈልግም» ይላሉ። ዘይት አለመፈለጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ጥገና መፈለግና ምንም አለመፈለግ አንድ አይደሉም። ሌሎች ደግሞ «ሲበላሽ አዲስ መግዛት ነው» ይላሉ። ይህ ገንዘብ ለተረፈው ሰው የሚሆን ምክር ነው። ጥርሱ ያለቀ ሞተር ጥርሱ ተለውጦ፣ ኩሽኔታው የጮኸ ኩሽኔታው ተለውጦ ሥራውን ሊቀጥል ሲችል፣ መዳቡንና ማግኔቱን መጣል ብክነት ነው። ሞተሩ ከውጭ አገር የሚመጣ ሲሆን ብክነቱ የአገርም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ሻጮች ሞተር ሲያስመጡ ጥርስ፣ ኩሽኔታና መቆጣጠሪያ ጭምር ያስመጡ፤ ገዢውም እነዚህ መኖራቸውን ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይቁጠር። ሁለተኛ፣ በየመንገዱ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር ብስክሌት የሚያበጁ ወንድሞቻችን ይህን ሙያ እንዲማሩ ይደረግ፤ ካቴናና ፍሬን የለመደ እጅ ቴስተር ለመያዝ አይሰንፍም። ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤታችን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴስተር፣ ጥቂት መፍቻና አንድ የተበላሸ ሞተር ይሰጠን። ከክፍል ሰዓት ውጭ ፈትተን እንገጥመዋለን፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየነውን የማግኔት ሕግ በእጃችን እንዳስሰዋለን። ሲሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሰው ብስክሌት በነጻ እየመረመርን ዳዶ እናጠብቃለን፤ ሽቦ እናስተካክላለን።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ ብዙዎቻችን በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤት እንሰናበታለን። ከእናንተ መካከል ሞተር የሚገዛ ቢኖር፣ ከዋጋው ላይ ጥቂት ቀንሶ ለመፍቻ፣ ለብረት ክንድና ለመለዋወጫ ጥርስ ያስቀር። ፍጥነቱ ጥቂት ያንስ ይሆናል፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላም ሲነዳው እናየዋለን።