የሰው ነፍስ ስንት ታወጣለች?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የዕቃ ዋጋ የማያውቅ የለም። የሰው ነፍስ በሕጋችን ስንት እንደምታወጣ ስጠይቅ ግን ያገኘሁት መልስ «እንደ ገዳዩና እንደ ሟቹ ነዋ!» የሚል ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንዲህ አይልም። አንቀጽ 539 አስቦና ተዘጋጅቶ፣ ወይም ለመግደል ከተደራጀ ቡድን ጋር ሆኖ የገደለውን በዕድሜ ልክ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። ተራው ግድያ፣ 540፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። ራሱን ሲከላከል ከልክ ላለፈ ደግሞ 541 ቀላል እስራት ይበቃዋል ይላል፤ ከ5 ዓመት አይበልጥም። ሽማግሌ ተቀምጦ ጉማ ቢከፈልም ክሱ የመንግሥት ነው።

ወረቀቱ ይኸው ነው። የደኅንነቱ ኃላፊ ክንፈ ገብረመድኅን በ1993 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ገዳዩ በ1999 ዓ.ም. በሞት ተቀጣ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ግን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ቆጠረ። ለመሆኑ ተኩሱን ያዘዘው ባለሥልጣን በ539 ተከሰሰ ወይስ በ540? በአንዱም! ፍርድ ቤት የቆሙት የቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች ናቸው፤ ያውም «በዘር ማጥፋት ሙከራ» ተብለው።