«እጮኛዬ ልብ ወለዶቼን በካርቶን አሽጎ አልጋ ሥር ከተተብኝ»

ይህን የጻፈችልን ሐይቅ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን አዲስ አበባ ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ናት። ስሟን እንደተለመደው አንጠቅስም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት አብሯት የቆየው እጮኛዋ ታሪክ፣ የሕይወት ታሪክና ስለ ስኬት የሚያወሩ መጻሕፍት ካልሆኑ እጁ አይገቡም። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ልብ ወለድ ናት። ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ከተቆረጠ በኋላ አንድ ማታ «የሌለ ሰው ሞተ ብላ የምታለቅስ ሴት እንዴት ቤት ትመራለች?» አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። በሳምንቱ መጻሕፍቷ ካርቶን ውስጥ ገቡ። «እሱን ልተው ወይስ መጽሐፉን?» ትላለች ደብዳቤዋ ሲያልቅ።

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትተዪ። ካርቶኑን ግን ዛሬውኑ ክፈቺው። ልጁ ልብ ወለድ አለመውደዱ ምንም አይደለም፤ ሳይጠይቅ የሰው ዕቃ ማሸጉ ነው እኔን ያሳሰበኝ። ይህን ለብቻው፣ ሽማግሌ ሳይመጣ፣ ፊት ለፊት ንገሪው። ዛሬ መጽሐፍ ያሸገ ሰው ነገ ምን እንደሚያሽግ ማወቅ መብትሽ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። «ልብ ወለድ ውሸት፣ ታሪክ እውነት» የሚለው ክርክር ላንቺ አገር ልጅ መነገሩ ይገርመኛል። ሐይቅ እስጢፋኖስን ታውቂዋለሽ፤ ሴት ስለማይገባበት የምታውቂው ከዳር ሆነሽ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን የገዳም ትምህርት ያስፋፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ያጻፉት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። የራሳቸው ሥዕል ሳይቀር ይገኝበታል። በዚያው ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፏል። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት «ምን ምን መጽሐፍ አለን?» ብሎ የሚቆጥር ሰው ነበረ ማለት ነው።

እንግዲህ እጮኛሽ የሚወዳቸው የታሪክ ሊቃውንት ከምን እንደጻፉ ጠይቂው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመው «ቸርች ኤንድ ስቴት ኢን ኢትዮጵያ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ሐይቅ ገዳም ብዙ ብለዋል። ካገለገሏቸው ምንጮች አንዱ የቅዱሳን ገድል ነው። ክንፍ የሚበቅልበት፣ ዘንዶ የሚገደልበት ገድል! ታምሩን ለአማኙ ትተው ከመሐሉ መሬት ማን ለማን እንደሰጠ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን የማን ደቀ መዝሙር እንደነበረ ለቀሙ። እሳቸው ያልናቁትን ተረክ እጮኛሽ ለምን ይንቀዋል?

ከሐይቅ ትንሽ ወደ ሰሜን አምባሰል ነው። አምባሰል ሲባል ለብዙ ወጣት ትዝ የሚለው ቅኝቱ ነው፤ ግን ግሸንም እዚያው ነው። የነገሥታቱ ወንድ ዘሮች ዙፋን እንዳይሻሙ ተብለው እላዩ ላይ የሚጠበቁበት አምባ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ በኩል አልፏል። ወደ አምባው የሚጠጋ ሰው እጅ እግሩ እንደሚቆረጥ፣ ዓይኑ እንደሚወጣ እንደተነገረው ጽፏል። ይህ እንግዲህ ኢ-ልብ ወለድ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ መጣ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ያወቃት ኀሮኒሞ ሎቦ የሚባል ሌላ ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ሲተረጉም ነው። በ1759 እ.ኤ.አ. «ራስላስ» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። የአማራን አምባ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ፣ ምቾት የሞላበት ሸለቆ አደረገው። ዘፈኑ አለ፣ ምግቡ አለ፣ ፍራፍሬው አለ። ልዑሉ ግን ሰለቸው። እኅቱን ይዞ አምልጦ ካይሮ ገባ፤ ሰው እንዴት ቢኖር ደስ እንደሚለው ሲጠይቅ ኖረ። ወንድምና እኅት ስለ ትዳር የሚከራከሩበት ምዕራፍ አለ፤ ለእጮኛሞች የተጻፈ ነው የሚመስለው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። ካላገኘሽው እንግሊዝኛው ቀጭን ነው፣ በሁለት ቅዳሜ ይጠናቀቃል።

ጆንሰን አምባውን አሳስቶታል። እውነተኛው ግሸን ቀዝቃዛ ደጋ ነው፤ የልዑላኑም ኑሮ እንዲያ የቀማጠለ አልነበረም። ግን የታጠረ ሰው ውስጡ ምን እንደሚመስል አልቫሬዝ አልነገረንም፤ የነገረን ያ ያላየው ሰው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቢ የምልሽ ለዚህ ነው።

የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ እውነት ነው ያለውስ ማነው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ አሳተመ። ያው ሰውዬ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክም ጽፏል፤ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ በአድልዎ ተችቶታል። ልብ ወለዱን ማንም «አዳላህ» አላለውም። ሀዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አወጡ፤ የአርበኝነትና የእስር ዘመናቸውን ደግሞ በ«ትዝታ» ጻፉ። ሁለቱ መጻሕፍት የአንድ ሰው ቀኝና ግራ እጅ ናቸው። በዓሉ ግርማንማ ተዪው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይደነግጥ ነበር?

በነገራችን ላይ አንቺም ብትሆኚ ጥግሽን ይዘሽ መቅረት የለብሽም። ልብ ወለድ ብቻ ማንበብ ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ብቻ እንደ መብላት ነው፤ ሽሮ እወዳለሁ፣ ግን። ከአገርሽ ጀምሪ። ውጫሌ የአምባሰል ከተማ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ከፈለጉ ይችላሉ» ዓይነት ነበር፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆነ፤ መጨረሻው ዓድዋ ነው። አንድ ግስ ጦርነት ሲያመጣ ከማየት የበለጠ ልብ የሚሰቅል ምን ልብ ወለድ አለ?

ለሁለታችሁ የማዝዘው ይኸው፦ እሱ «ኦሮማይ»ን፣ አንቺ ስለ ውጫሌ ውል የተጻፈ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ትወስዳላችሁ። ሁለት ሳምንት። ከዚያ ቡና አፍልታችሁ ትነጋገራላችሁ፤ ማን ረታ ሳይሆን የቱ ገጽ ላይ ቆማችሁ እንደቀራችሁ። አንብቦ ካልወደደው ይሁን፣ ሰው ነው። ገልጦ ለማየት እንኳ እንቢ ካለ ግን ሽማግሌው ትንሽ ይቆይ፤ አይቸኩልም።

«መጽሐፍ ውድ ነው» የምትሉ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ አላችሁ። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ግን ሸራ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ዘንድ ጎንበስ በሉ፤ የሚያከራይም አይጠፋም። ወመዘክር አለ፤ አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት አለ። ከበድ ያለ የታሪክ ነገር የፈለገ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትን ይጠይቅ። ስትመርጡ ሽፋኑን አትመኑ፣ መግቢያውንም እለፉት። መሐሉን ገልጣችሁ አንድ ገጽ ቆማችሁ አንብቡ። የታክሲው ሰልፍ ጥሏችሁ ከሄደ፣ ግዙት።