የቅንብር ፋይል የጥናቱ አካል ነው

አማካሪ መምህር ከወራት በፊት የቀረበ ውጤት እንደገና ተሠርቶ እንዲታይ በጠየቀ ጊዜ፣ ኮዱም መረጃውም ሳይጠፋ የቀድሞው ቁጥር አልመጣ የሚልበት አጋጣሚ አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የጠፋው፣ ፕሮግራሙ በዚያን ዕለት የሠራባቸው ቅንብሮች ናቸው፦ የመማር ፍጥነቱ፣ የዘፈቀደ ቁጥሩ መነሻ፣ መረጃው የተጣራበት ወሰን። እነዚህ በኮዱ ውስጥ ተጽፈው ነበር፤ ለሚቀጥለው ሙከራ ሲባል ግን በሌላ ተተክተዋል።

ለዚህ የተለመደው መፍትሔ ቅንብሮችን ከኮዱ አውጥቶ በተለየ ፋይል ማኖር ነው። መፍትሔው ትክክል ቢሆንም ግማሽ ነው፤ ፕሮግራሙ ያነበበው ሁልጊዜ ተመራማሪው ያሰበው አይደለምና። የፓይተን የአይኤንአይ ፋይል ማንበቢያ እያንዳንዱን ዋጋ በጽሑፍነት ይመልሳል። «ፎልስ» ተብሎ የሰፈረ ዋጋ ለዚሁ በተዘጋጀው ትእዛዝ ካልተነበበና በተራው የቡሊያን መለወጫ ካለፈ «እውነት» ይሆናል፤ ምክንያቱም ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እውነት ተብሎ ይወሰዳል። በያምል 1.1 ደንብ ደግሞ የኖርዌይ ባለሁለት ፊደል መለያ፣ «አይ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ስለሆነ፣ በጥቅስ ምልክት ካልታጠረ «ሐሰት» ሆኖ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ያምል 1.2 ይህን ቢያርምም፣ በሰፊው የሚሠራበት ፓይያምል የቀድሞውን ደንብ ይከተላል። እንዲህ ያለው ስሕተት ፕሮግራሙን ላያስቆመው ይችላል፤ ውጤቱን ግን በዝምታ ይለውጠዋል።

በመጻፍ በኩልም ጥንቃቄ ያሻል። የፓይተን ፕሮግራም ያነበበውን የአይኤንአይ ፋይል መልሶ ሲጽፍ ተመራማሪው በውስጡ ያሰፈራቸው ማስታወሻዎች ይጠፋሉ። የጄሰን መጻፊያውም፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ የአማርኛ ፊደላትን በመለያ ኮድ ይተካቸዋል፤ ማሽን መልሶ ያነባቸዋል፣ የሰው ዐይን ግን ሊያመሳክራቸው ይቸገራል። ስለዚህ ፕሮግራም ሰው የጻፈውን ፋይል ሳይነካ፣ የራሱን መዝገብ ለብቻው ሊጽፍ ይገባል።

በዚህ መዝገብ ከፋይሉ የተነበበው፣ በትእዛዝ መስመር የተለወጠውና ፕሮግራሙ በራሱ የሞላው ዋጋ ሁሉ በአንድነት ይሰፍራል። የይለፍ ቃል ብቻ ከእርሱ ይወጣል። መዝገቡ ሥራው ሲጀመር ተጽፎ ከውጤቱ ጎን ይቀመጣል።

ጊት የፋይሉን ታሪክ ስለሚይዝ ይህ ትርፍ ድካም ነው የሚሉ አሉ። ጊት የሚይዘው ግን የተመዘገበለትን ነው፤ ከመሸ በኋላ በትእዛዝ መስመር ላይ ተለውጦ የተሞከረውን ዋጋ አያውቀውም። ተጨማሪው ሥራ ደግሞ ከጥቂት የኮድ መስመሮች አይበልጥም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞች የውጤት ሰንጠረዡን በሚመረምሩበት ጊዜ ያስገኘውንም የቅንብር መዝገብ አብረው ሊጠይቁ ይገባል። ያ መዝገብ የሌለው ሰንጠረዥ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ሌላ ተመራማሪ ሊያረጋግጠው የሚቸገር ሆኖ ይቀራል።